አራት ደቂቃ፣ ከአርባ ምንጭ ደሴ

አጎቴ ጌጡ ከደሴ ሲደውልልኝ አርባ ምንጭ ቤቴ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር።

"እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ ብቅ በይ" አለኝ።

በረራው አራት ደቂቃ ከሆነ ወዲህ ማን ምድጃ ያጠፋል? ተመልሼ አማስለዋለሁ ብዬ ወጣሁ። የደሴው ማረፊያ እዚያው እናቴ ሰፈር ውስጥ ነው። እናቴ ደጃፍ ስደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ከመኪና እያወረዱ ነበር። አጎቴ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ።

"ምነው ልጄ! መርዶ የሚነግሩሽን ሽማግሌዎች ገና እየጠራሁ እኮ ነው!"

ዞሬ ድንኳኑን አየሁ።

"ምንም አልነገርኩሽም፣ እሺ? እዚሁ ቆይ፣ ይዣቸው ልምጣ" ብሎ እየሮጠ ሄደ።

አባቴ የሞተ ጊዜ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዤ ነበር የመጣሁት። ጠርጥሬ መንገዱን ሙሉ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ምንም እንባ አልመጣልኝም። የማደርገው ቢጠፋኝ የድንኳኑን እንጨት ደግፌ ቆምኩ።

"ጎሽ እህቴ፣ ቀጥ አርገሽ ያዢልን" አለኝ ከእድሩ አንዱ፣ የማያውቀኝ ሰው። "ልጅቷ ከመድረሷ በፊት እንጨርስ።"

"እሺ" አልኩት፤ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸት እጄ እንጨቱን አጥብቄ ያዝኩ።