የሚያፏጨው መስኮት

የወይዘሮ የትምወርቅ መኪና መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዘበኛው ወርዶፋ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ክላክስ ነፍተው አያውቁም። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «የእኔ ወርዶፋ ዓይኑ የንስር ነው» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት መካኒክ አስመጡ። በመሪው በኩል ያለው መስኮት ጎማው ተልጦ፣ መኪናው በሄደ ቁጥር ንፋሱ ያፏጫል፤ አንገታቸውንም ብርድ መትቷቸዋል።

«እትዬ፣ ባይነካ ይሻላል» አለ ወርዶፋ ሳይጠየቅ። «የፋብሪካውን አንዴ ከነኩት አይመለስም።»

«አንገቴ አልዞር ብሎኝ?» አሉና ሳቁበት።

መካኒኩ አሮጌውን ጎማ ቦጭቆ አዲስ ገጠመ። ወርዶፋ ከአጠገቡ አልራቀም።

«ትንሽ ቀዳዳ እንኳ አይቀረውም?»

«ትንኝ አያስገባም» አለው መካኒኩ ኮራ ብሎ።

ወይዘሮዋ መኪናቸውን ይዘው ወጡ። ወርዶፋ ምሳውን ሳይቀምስ፣ ጆሮውን ወደ መታጠፊያው ጥሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አንድ መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ መስታወቱም ወረደ። ወርዶፋ ተነሣ፤ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ ከበሩ ፈቀቅ በልልኝ፤ እትዬ ሊመጡ ነው» አላቸው፣ ወይዘሮ የትምወርቅን።