ዕቃ ቤት ውስጥ የተተከለው ሰርቨር

በቢሮው ውስጥ ወንፊት ነበር የሚሏት። ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ኮድ ሁሉ ለደንበኛ ከመሄዱ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። አንድ በአንድ ትሞክረዋለች፤ ስህተት ካገኘች ለጻፈው ሰው ትመልሳለች። ሌላ ሙያ የላትም። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችውና ያስተማረችው በዚሁ ሥራ ነው። በኋላም ደጅ ጠንታ እዚያው ቢሮ አስቀጠረችው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ወንድሟን ጠርቶ ሰርቨር እንዲተክል አዘዘው። ፕሮግራመሮቹ ኮድ በላኩ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ተቀብሎ ይሞክረዋል፤ ኮዱ ደህና ከሆነ ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ይሆናል። ደንበኞች ኮዳቸው ውጭ ባለ የሌላ ሰው ማሽን ላይ እንዲሞከር ስለማይፈልጉ ማሽኑ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። የማን ወንበር ባዶ እንደሚቀር ለመገመት ማንም አልተቸገረም።

ወንፊት ግን ወንድሟን «ጥሩ አድርገህ ትከለው። ስምህ እንዳይጠፋ» አለችው። እሷስ እንደምንም ትሆናለች። እሱ ገና ጀማሪ ነው።

በማግስቱ በዕቃ ቤቱ በር ስታልፍ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ አየችው። ሠራልህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ደንገጥ ብሎ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረና፣ ገና ነው አላት።

ከዚያ በኋላ አረንጓዴ የሚባል ነገር ጠፋ። ደህናውም ኮድ ቀይ፣ የተበላሸውም ቀይ ሆነ። ፕሮግራመሮቹ ልጁን «ቀይ መብራት» ብለው ሰየሙት። በበሩ ሲያልፉ «ቆይ፣ አትሻገር፣ በርቷል» እየተባባሉ ይስቁበታል።

ከውጭ ባለሙያ ተጠርቶ ይየው ብትለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ልጅ ተቆጣ። ማንም እንዳይነካብኝ አለ። እልህ ይዞት ነው ብላ ተወችው። ማታ ማታ እሱ ራቱን በልቶ ለጥ ይላል፤ እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት።

በመጨረሻ የሥራ አስኪያጁ ትዕግስት አለቀ። ሁሉም በተሰበሰቡበት ልጁን አስነስቶ፣ «እስከ ነገ ካልሠራ ማሽኑም ይጣላል፣ አንተም ትሄዳለህ» አለው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ።

ወንፊት ምሳዋን ሳትቀምስ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባች።

«ሰርቨሩን የማበላሸው እኔ ነኝ» አለችው። «እሱ ወጣ ሲል እየገባሁ እነካካዋለሁ። ወንድሜ ሥራውን ያውቃል።»

ውሸቷን ነው። ማሽኑን በጣቷ ነክታው አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ አንድም ጥያቄ አልጠየቃት። ማሽኑ ባይሠራ ከእሷ በቀር ማን ይጠቀማል? ድሮም ጠርጥሬሽ ነበር አላት። ልጁ ይቆያል፣ እሷ ግን ቁልፏን አስረክባ አሁኑኑ ትውጣ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ቦርሳዋን ይዛ ደረጃው ጋ ስትደርስ ወንድሟ ከታች ሲወጣ ተገናኙ። ዓይኗ ቀልቷል። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ለእኔ ብለሽ አታልቅሺ፣ እትዬ፤ ማሽኑ እኮ ገና በማግስቱ ሠርቶልኛል፣ አንቺን እንዳያስወጡሽ ብዬ የማበላሸው እኔው ነኝ።»