የጣውንቶቹ ልብስ

«በኔ ቤት ዕቃ አይጠፋም። ቦታ ይለውጥ እንደሆነ እንጂ።»

የባሏ እናት ይህን ያሏት ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን፣ አንዲት ማንኪያ ብትጠፋባት ነው። እውነትም ማንኪያዋ አልጋ ሥር ተገኘች። ምራቲቱ ብዙ የምትናገር ሰው ስላልሆነች «እሺ፣ እማማ» ብላ ነገሩን በልቧ ያዘችው።

ዛሬ ልጅ አዝላ፣ ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ጓዳ አሮጌ ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ታድሳለች። ድምፁ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የሷ መልኩ ነው። የተላላጠውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ቫርኒሽ ትቀባለች። የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ላይ የተጋገረውን እድፍ በጥርስ ብሩሽ ታስለቅቃለች። ቁልፉ ጨርሶ ከጠፋም ከሽሮፕ ጠርሙስ ክዳን ቀርጻ፣ ቀለም ቀብታ ትተክለዋለች፤ ባለቤቱ ራሱ አይለየውም። ከዚያች ጓዳ ሌላ የኔ የምትለው ቦታ የላትም።

አንድ ቀን የባሏ አባት ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮቻቸውን አምጥተው ጓዳዋ ደጃፍ ላይ አቆሙ።

«እንደ ድሯቸው አድርጊልኝ፣ ልጄ። ሳልሞት አንዴ ልያቸው።»

አባባ ስፒከሮቹን የገዟቸው ሳያገቡ ነው። እማማ ሙሽራ ሆነው ሲገቡ ሳሎኑን ሞልተው ጠበቋቸው። አባባ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ስለሚወለውሏቸው፣ እማማ «ጣውንቶቼ» ይሏቸዋል።

«እኔ አዲስ ልብስ ለብሼ ፊቱ ብንጎራደድ ቀና ብሎ አያየኝም» ይላሉ። «እነሱ ላይ አቧራ ሲያርፍ ግን ከበር ይታየዋል!»

የስፒከሮቹ የፊት ጨርቅ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። ያኔ «አይጥ በላው» ተባለና ድመት መጣች። ድመቷ ወለደች፣ ልጇም ወለደች፤ አሁን የልጅ ልጇ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። አንዳቸውም እስከዛሬ አይጥ ይዘው አያውቁም።

ምራቲቱ ጨርቁ የሚወጠርባቸውን የእንጨት ፍሬሞች ፈታች። አንድም ምስማር አልቀረባቸውም፤ ዙሪያቸውን የምስማር ቀዳዳ ብቻ ተደርድሯል። ለነሱ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት እማማ ለዘመድ ሠርግ የሚለብሱትን ጉርድ ተኩሺልኝ ብለው ሰጧት። ወርቃማ ክር የገባበት ቡናማ ጨርቅ ነው፤ ጠጠር፣ ሳሳ ያለ፤ ከሥሩ ገበር ባይኖረው አካል ያሳያል። እሷ ወደዚህ ቤት ሳትመጣ በፊት እማማ በገዛ እጃቸው የሰፉት ነው።

«ቀስ በይ፣ የውጭ ጨርቅ ነው!»

«ዳር ዳሩን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ እማማ። ብል ይሆን?»

«የምን ብል! ፋሽን ነው። አንቺ ስምንተኛን ሳትጨርሺ ወጥተሽ ፋሽን ከየት ታውቂያለሽ!»

ጉርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችና ለመተኮስ ከሚያስፈልገው በላይ ቆማ አየችው።

ከሠርጉ በኋላ ጉርዱ ከቁምሳጥን ጠፋ።

ቤቱ ተገለባበጠ። ፍራሽ ተነሳ፣ ድመቷ ከሶፋው ተባረረች። ባሏ ኮርኒሱን ያያል።

«ምን ታንጋጥጣለህ? ጣራው ላይ ነው እንዴ የሰቀልኩት?» አሉት እናቱ።

«እማዬ፣ እኔ ስለ ጉርድ ምን አውቄ!»

በመጨረሻ የእማማ ዓይን ደረጃው ሥር አረፈ። ሁለቱ ስፒከሮች አንሶላ ተሸፋፍነው ቆመዋል።

«ግለጫቸው!»

«ቫርኒሹ አልደረቀም፣ እማማ። ለእሁድ ይደርሳል።»

«ይድረሳ! ጉርዴ እነዚህ ጣውንቶች ላይ ከተገኘ ግን፣ ይቺ ጓዳ ከእሁድ ጀምሮ የሽንኩርት ማስቀመጫ ናት። ብሩሽሽንም ጠቅልለሽ!»

ባሏ ጓዳው ድረስ ተከትሏት ገባ።

«በናትሽ፣ አልነካሁም በይኝ።»

«ልጁን ያዝልኝ» አለችና አሸከመችው።

እሁድ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አባባ ኮታቸውን ለብሰዋል። እማማ አንድ ከረጢት ሽንኩርት አቅፈው ገቡ።

ምራቲቱ አንሶላውን ገፈፈች። እንጨቱ ፊት የሚያሳይ መስታወት ሆኗል። ከፊት ለፊቱ፣ ወርቃማ ክር የገባበት ቡናማ ጨርቅ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ጉርዴ!» እማማ ጮኹ። «አላልኳችሁም? የኔን ልብስ ለጣውንቶቼ! ከነነፍሴ ገፈፈችኝ!»

ባሏ ልጁን እንዳቀፈ ወደ በሩ ተጠጋ።

አባባ የሰሙም አይመስሉም። መነጽራቸውን አድርገው ተንበረከኩ። ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ፣ ከአንዱ ምስማር ወደሚቀጥለው ምስማር አስኬዱት፤ ዙሪያውን ጨርሰው ደግሞ እንደገና ጀመሩ።

«ምስማሩን ስትመቺ ጨርቁ ላይ አዲስ ቀዳዳ አልበሳሽም?»

«አላስፈለገም፣ አባባ። የድሮዎቹ በቁ።»

«አንድም ቦታ?»

«አንድም ቦታ።»

አባባ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ከዚያ ሶፋው ላይ የተጋደመችውን ድመት ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የሽንኩርቱ ከረጢት ከእማማ እጅ አምልጦ ሽንኩርቱ በሳሎኑ ተበተነ፤ የሚለቅም ግን አልተገኘም።

ምራቲቱ ከሽርጧ ኪስ ታጥቦ የታጠፈ ገበርና አንድ ዚፕ አውጥታ፣ አጎንብሳ በሁለት እጇ ለእማማ ሰጠቻቸው፤ ከጉርዱ ውስጥ የእሳቸው የሆነው ይኸው ብቻ ነበር።