የክረምት ጫጩቶች

የዶሮውን አፍ በሁለት ጣቷ ፈልቅቃ የራሰ በቆሎ ትጨምርበታለች። ይታነቃል፣ ይውጣል፣ ጉሮሮው ሥር ያለችው ከረጢት ትወጠራለች። ታስቀምጠውና ሌላውን ትይዛለች። ጎህ ሳይቀድ ነው የጀመረችው፤ እጇ እስከ ክርኗ በቆሎ ለቅልቆታል።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ» ይላል ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ። በያጅ ነው። የብየዳ ማሽኑን በጋሪ ገፍቶ አምጥቶ ደጅ አቁሞታል። «ኧረ ተያቸው፣ ሚዛን እንዲያነሱ ብለሽ ይፈነዱብሻል።»

«ወንድም ጋሼ፣ ወይ እርዳኝ ወይ ዝም በል።»

አይረዳትም፤ ዝምም አይልም። ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ልትወጣ ነው።»

አባታቸው የተዉላቸው ይህቺን የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነው። ዛሬ የሚመጡት ገዢ ዶሮዎቹን ከወሰዱ ቤቱ በእሷ እጅ ይቆያል፤ ካልወሰዱ ለወንድሟ ብየዳ ይለቀቃል። ቃሉን የሰጠችው ራሷ ናት፣ ያውም እየሳቀች። ያኔ የመጀመሪያዎቹን ዶሮዎቿን ሸጣ ገና መመለሷ ነበር። እነዚያ አምና ዝናቡ ባባራ ሰሞን የተፈለፈሉ ነበሩ፤ ዓይን እያያቸው አደጉ። ገዢዋ እንኳ «እጅሽ ይባረክ» አሏት። እሷም እጇን አመነች። የስፌት ፋብሪካ ሥራዋን ጥላ ወጣች። ክረምት መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ የሸሻቸውን ጫጩቶች አፍሳ አመጣች። ያው ዘር፣ ያው መኖ፣ ያው እጅ።

አሁን እነዚያ ሲሸጡ የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ጎን ለጎን ቢቆሙ ግን ልጆቻቸው ይመስላሉ። ክረምቱን ሙሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው አምፖል ሥር ነው የከረሙት። ብርድ እንዳይገባ ብላ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን የሽቦ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ መታችው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ረጠበ፤ ቀየረችው፤ ደግሞ ረጠበ።

«መጡ» ይላል ወንድሟ።

ገዢዋ ለሆቴሎች ዶሮ የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። እሳቸው በሌሉበት ሰዉ እትዬ አውራ ጣት ይላቸዋል፤ ሚዛን ይዘው ይዞራሉ እንጂ የሚያምኑት ጣታቸውን ነው።

«እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆቼ?»

«ይመስገን፣ እትዬ። ይግቡ። እንዳይረፍድብዎ ቶሎ እንመዝን» ትላለች፣ ሚዛኑን ከእጃቸው ተቀብላ።

ሴትዮዋ የበቆሎውን ባልዲ ያያሉ። እጇን ያያሉ። ከዚያ ባዶ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ።

«ምን ያስቸኩለናል? እስኪ ተጫወቺ። የጎረቤታችሁ ልጅ ተዳረች አሉ?»

ስለ ሰርጉ ትመልሳለች፣ ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሙሽራው እናት። እትዬ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፤ ያከማቸው ሐኪም ልጅ እግር ነው፣ እጁ ግን ይቀዘቅዛል። ጥላው እያጠረ ይሄዳል። ዶሮዎቹ ሰጋቱራው ላይ እየተንጎራደዱ የዋጡትን ይፈጫሉ፣ ይጥላሉ። ከረጢቶቹ ሲጎድሉ በዓይኗ ታያለች።

«እትዬ፣ ለምን አይመዝኑም?» ይላል ወንድሟ በድንገት።

ዞር ብላ ታየዋለች። በቆሎው ቢወርድ የሚጠቀመው እሱ ነው። እሱ ግን ወደ ደጅ ዞሯል። ክረምቱን መንገድ ዳር፣ ጃንጥላ ሥር ሲበይድ ነው የከረመው፤ ክንዱን ፍንጣሪ አዥጎርጉሮታል።

«አንተን ደግሞ ምን አጣደፈህ?» ይስቃሉ። «ብየዳ እንደ ሻይ ይቀዘቅዛል እንዴ?»

ማንም አብሯቸው አይስቅም። ሲበቃቸው ይነሱና አንዱን ዶሮ ያነሳሉ። አውራ ጣታቸው ደረቱ ላይ ይሄዳል። አጥንቱ እንደ ቢላ ሾሏል።

«መቼ ነው የተፈለፈሉት?»

«ክረምት መግቢያ ላይ።»

«የበሉትን ለሙቀት ነው ያዋሉት። ለሥጋ ምን ተረፋቸው?»

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ እትዬ። እግርዎ ላይ ልውደቅ። አሁን እኮ ዝናቡ አባራ፣ ይሞላሉ፣ እኔ እሞላቸዋለሁ...»

«ዶሮ በጫጩትነቱ ያጣውን በኋላ አይክሰውም፣ ልጄ። መኖሽን ብቻ ነው የሚጨርሱት።»

«ባለፈው እጅሽ ይባረክ ብለውኝ ነበር!»

«ብያለሁ» ይላሉ ዶሮውን ቀስ አድርገው እያወረዱ። «ፀሐይን ማን አመስግኗት ያውቃል?»

ሚዛኑን ከእጇ ላይ ወስደው ይወጣሉ። አንድም ዶሮ አልተሰቀለበትም።

ወንድሟ ማሽኑን ወደ በሩ ይገፋል፤ በሩ ይጠበዋል። በዚያ ሊያስገባው በፀሐይ መውጫ በኩል ዞሮ መዶሻውን እሷ ከመታችው ቆርቆሮ ሥር ይሰካል፤ ምስማሩ ይጮኻል። ሮጣ ወጥታ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ትይዘዋለች።

«ዛሬ አይሁን። ወንድም ጋሼ፣ ነገ አድርገው።»

«እታለም፣ ልቀቂ።»

«ነገ አልኩህ!»

«ልቀቂ፣ እጅሽን ይቆርጥሻል።»

አትለቅም። የመጨረሻው ምስማር ሲነቀል ቆርቆሮው ከነክብደቱ ደረቷ ላይ ይወድቃል፤ እንዳቀፈችው ወደ ኋላ ትንገዳገዳለች።

ብርሃን በሽቦው አልፎ ወለሉ ላይ ይዘረጋል። ዶሮዎቹ አንድ አፍታ ደንግጠው ይቆማሉ። ከዚያ ከየጥጉ ይመጣሉ፤ መኖ ሲሰጣቸው እንኳ እንዲህ ሮጠው አያውቁም። ሙቀቱ ውስጥ በጎናቸው ይጋደማሉ፣ አንድ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ወደ ሽቦው አንድ እርምጃ ትቀርባለች። ጥላዋ ይወድቅባቸዋል። ጥላው ያረፈባቸው እየተደነቃቀፉ ይነሱና ብርሃኑ ወዳለበት ፈቀቅ ብለው እንደገና ይተኛሉ።

ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ወደ ጎን ዘወር ትልላቸዋለች።