የታፋ ዋስ

ከፊቱ የሚጋልበው ታፋ በድንገት ሲቆም ተረፈም የብስክሌቱን ፍሬን ያዘ። የታፋ የኋላ ጎማ ተንፍሷል። ከዴዴሳ ድልድይ ወደ ነቀምቴ የሚያወጣውን ዳገት ገና አላጋመሱትም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ኮረኮንቹም ለመኪና እንኳ የሚራራ አይደለም።

«ደግሞ እሾህ!» አለ ታፋ እየሳቀ። ብስክሌቱን እየገፋ ከመንገዱ ዳር ወደ አንዲት ዋንዛ ጥላ ወሰደና ገለበጠው።

ሁለቱም ለወለጋ ክፍለ ሀገር ቡድን የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ናቸው። ተረፈ አስተማሪ ነው፣ ታፋ አናጢ። በዘንድሮው ውድድር ታፋ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ፤ በሚመጣው ሳምንት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል። በዚያ ዘመን ደግሞ ከአገር የሚወጣ ሰው ዋስ ይጠራል። የሄደው የቀረ እንደሆነ ዋሱ ይጠየቃል፤ አጠያየቁ እንዴት እንደሆነ ማንም ለማንም አያስረዳም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የታፋ ዋስ ተረፈ ነው።

ታፋ ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ የውስጡን ከመነዳሪ አወጣና ነፋው። ቀዳዳውን ለማግኘት ጉንጩን አስጠግቶ ቀስ እያለ አዞረው።

«እዚያ አገር ይህ ሁሉ ጣጣ የለም አሉ» አለ። «መኪና ከኋላ ከኋላህ ይከተልሃል። ጎማህ ከተነፈሰ ሌላ ቸርኬ ያቀብሉሃል፣ አለቀ።»

«መለጠፍ የሚባል የለም?»

«ምንም!»

«እንግዲያ መቼ ነው የሚያርፉት? እኔ እሾህ ባይኖር ይህን ዳገት በሕይወት አልወጣውም ነበር።»

ታፋ ከት ብሎ ሳቀ። ተረፈም ሳቀ። ስለ ጀርመን ብርድ አወሩ፤ ስለ ጥቁር ዳቦአቸው አወሩ። ተረፈ ከመነዳሪውን ተቀብሎ ቀዳዳው ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግ ጀመር።

«ያን የጣሊያን ቸርኬዬን» አለ ታፋ ማስቲሹን እየከፈተ፣ «ጠዋት ቤትህ አስቀምጬልሃለሁ። መፍቻዎቼንም። ውሰዳቸው፣ ያንተ ናቸው።»

የተረፈ እጅ ቆመ። ታፋ ያንን ቸርኬ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። ውድድር በሌለበት ጊዜ እንኳ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ነው የሚያኖረው።

«ስትመለስ በምን ልትጋልብ ነው?»

ታፋ ከመነዳሪውን ተቀብሎት ማስቲሹን ቀባና ገና እርጥብ እያለ ልጣፊውን ደፈነበት። ሲለጥፍ ማንም የማያስቸኩለው ሰው ነበር። ተረፈ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ታፋ።»

«ወይ።»

«አትመለስም፣ አይደል?»

በዚያው ቅጽበት ወታደር የጫነ ካሚዮን እያጓራ ከቁልቁለቱ መጣ። አልፏቸው ሄዶ አቧራው እስኪረግብ ድረስ ሁለቱም ጎማው ላይ አቀረቀሩ።

«ወንድሜን ባቻን ከወሰዱት ወዲህ» አለ ታፋ፣ «በር በተንኳኳ ቁጥር ጓሮ ለጓሮ ነው የምሮጠው። ትልቅ ሰውዬ! እናቴ በሕይወት ሳለች ለሷ ስል ቻልኩት። አሁን እሷም የለች። አንድ ቀን እንኳ ሳልባንን ልደር ብዬ ነው፣ ሌላ አይደለም። ልነግርህ እየመጣሁ ምላሴ ይታሰራል። ዋስ ሁነኝ ስልህም ዓይንህን አላየሁም።»

«አንተ አላየኸኝም። እኔ ግን አይቼሃለሁ።»

ታፋ ቀና አለ። «አውቀህ ነው የፈረምከው?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ዘርፈሽስ? ሚስትህ እኮ እርጉዝ ናት፣ ተረፈ!»

«‹ፈርምለት› ያለችኝ እሷ ናት። በእናትህ ለቅሶ ሰሞን እኛ ቤት ስታድር በእንቅልፍህ ባቻን ስትጣራ ሰማችህ። ‹ይሄ ሰው እዚህ ሆኖ አይድንም› አለችኝ። ስታለቅስ አደረች።»

ታፋ ማስቲሽ ባጠቆራቸው እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። «እመለሳለሁ» አለ ከእጆቹ ውስጥ። «በእናቴ አጥንት...»

«ሂን ከከቲን፣ ኦቦሌሳ ኮ» አለው ተረፈ፤ አትማል ወንድሜ። «መጀመሪያ ሂድ። እዚያ እንቅልፍህን ተኛ። ከዚያ ልብህ የሚልህን ስማው። ብትመለስ እሰየው። ብትቀር ደግሞ የኔ ፊት እየመጣብህ እንዳትባንን።»

ይህን ሲል አልፈራም ማለት አይደለም። ዘርፈሽ ስንቅ ተሸክማ፣ ልጅ አዝላ፣ እስር ቤት በር ላይ ተሰልፋ ታየችው። ቃሉን መልሶ መዋጥም አማረው። ልጣፊውን ከከመነዳሪው ላይ ላጠውና፣ «ይሄ አልያዘም፤ እንደገና እንለጥፈው» አለ።

እንደገና ለጠፉት። አሁን ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠበቁ። ታፋ ጎማውን መለሰ፤ ተረፈ ነፋለት። ፊታቸውን በኮዳው ውኃ ታጥበው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ።

ዳገቱ እየባሰበት ሄደ። አንዱ ኩርባ ላይ ተረፈን ጉልበቱ ከዳው፤ ብስክሌቱ ሊቆምበት ተንገዳገደ። ታፋ ከፊት ፍጥነቱን ቀነሰና ጎን ለጎን መጣ። በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ ሌላውን እጁን ዘርግቶ የተረፈ ጀርባ ላይ አሳረፈና ገፋው። ትንፋሻቸውና ጠጠሩ ብቻ ይሰማል። ኩርባው አለቀ፤ መንገዱም ለጥ አለ፤ የታፋ እጅ ግን ከተረፈ ጀርባ ላይ አልተነሣም።