መለከት ይውጣልን

ትዕዛዙ ቂም ሲይዝ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው ቂሙን በሆዱ ይይዛል፤ እሱ ግን ልብስ አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶ፣ አብሮት ሥራ ይገባል።

ሥራው ጎንደር መናኸሪያ ተራ ማስከበር ነው። «አምባ ጊዮርጊስ! ዳባት! ደባርቅ!» ሲል ድምፁን ባለመስማት መኪና ያመለጠው መንገደኛ የለም ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሥራ እንጀራ በልቷል፤ አንድ ልጁን ፍሬሰላምንም አሳድጎበታል።

ፍሬሰላም አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አምና ኳስ አቅፎ ነበር የሚተኛው። ዘንድሮ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሆዱን ያመዋል፤ በቀደም ደግሞ የኳስ ጫማው የገባበት ጠፋ። ትዕዛዙ ቤቱን ሲያምስ ውሎ ከጤፍ ጆንያ ውስጥ አገኘው።

«ምነው ልጄ? ኳስ ጠላህ?»

«ኳስ አልጠላሁም» አለ ልጁ መሬት መሬቱን እያየ። «መለከት ካለ ግን አልጫወትም። ሁላችንም እንደዚያ ነን።»

«መለከት ማነው?»

ፍሬሰላም ጎንበስ ብሎ የጆንያውን አፍ ማሰር ጀመረ። ቢለምኑትም ቢቆጡትም አልተናገረም።

ትዕዛዙ ግን ሞኝ አይደለም። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ሜዳ ልጆቹን የሚያሠለጥነው መልካሙ የሚባል ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ፊሽካው ካንገቱ ወርዶ አያውቅም። መልካሙ፣ መለከት። ልጆች ስም ሲያወጡ ሩቅ አይሄዱም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ትዕዛዙ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ለባልደረባው ትቶ መስመሩ ዳር ይቆማል፤ መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚመታ፣ ለማን እንደሚያቀብል ለልጁ ያልነገረው ነገር የለም። መልካሙ ደግሞ ልጁን ሁልጊዜ ወደ ማዶኛው መስመር ይሰደዋል። ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ሜዳ ሲቀያየሩ እንኳ ከቀኝ ወደ ግራ አዙሮ እዚያው ማዶ ያቆመዋል። አባት ልጁን እንዳያይ!

ባለፈው ቅዳሜ ፍሬሰላም ባዶ ጎል ሳተ። ሊመታ ሲል ቀና ብሎ ወደ መስመሩ አየና ኳሷ ከእግሩ ሥር አመለጠችው። መልካሙ ሮጦ ሄዶ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከለት። ማስፈራራት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ይኸው ሰው «ልጅዎ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሦስት አገባ» ብሎትም ያውቃል። ማክሰኞ ትዕዛዙ መናኸሪያ ነው የሚውለው። ማን ያየዋል? ውሸታም!

«ቆይ ብቻ» አለ ትዕዛዙ። «የልጄን ደስታ የነጠቀውን ከዚያ ሜዳ ካላስወጣሁ ትዕዛዙ አልባልም!»

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ስለዚህ ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ወረቀት አምጥቶ ከላይ በትልቁ «መለከት ከሜዳ ይውጣልን» ብሎ ጻፈበት፤ ሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጠበቃቸው።

ልጆቹ ወረቀቱን ሲያነቡ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የደፈረችው በረኛዋ ነጃት ናት።

«በውነት ይወጣል?»

«ይወጣል!»

«አይቆጣንም?»

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይቆጣችኋል!»

ነጃት ፈረመች፤ ፈርማም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሌሎቹም ተሻምተው ፈረሙ። ትዕዛዙ ፊርማዎቹን ቆጠረ። ያ ሰው ምን ያህል ቢያሠቃያቸው ነው?

ትዕዛዙ ቤት ሲገባ ፍሬሰላም ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበው።

«አባባ፣ ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው! በእግሩ አልወጣም ካለ አንተ ራስህ እጁን ይዘህ ታስወጣዋለህ።»

«እኔ?»

«አንተ!»

ልጁ ፈረመ። ያን ዕለት ጫማውን ሳይነግሩት አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

በቀል ትጣፍጣለች፤ ትዕዛዙ ደግሞ ቶሎ አይውጣትም። ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ ወደ መልካሙ ሄደና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ እጁ ላይ አኖረለት። መልካሙ አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እርስዎ ካሉ እኔ ምን እላለሁ፣ አያ ትዕዛዙ?» አለ ቀስ ብሎ።

ትዕዛዙ መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ተመለሰ።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሸዋገነት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ቁጥብ ሴት ናቸው። ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ያሰባሰቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«እኔ ራሴ!»

«ቀላል ነገር አይደለም ያደረጉት» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ቅዳሜ ጠዋት ውሳኔውን እዚያው ሜዳው ላይ አነበዋለሁ።»

ቅዳሜ ትዕዛዙ የክት ልብሱን ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ። ልጆቹ ተሰለፉ። መልካሙ ፊሽካውን እንዳንጠለጠለ አጠገባቸው ቆመ፤ ወይዘሮ ሸዋገነትም ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«በልጆቹ ጥያቄ መሠረት፣ መለከት ከዛሬ ጀምሮ በልምምድም ሆነ በግጥሚያ ቀን ወደዚህ ሜዳ አይደርስም።»

«እሰይ!» አለ ትዕዛዙ። ከወንዙ ዳር ዛፎች ወፎች ብር ብለው ተነሡ።

መልካሙ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ኳስ አንሥቶ በብብቱ ያዘ። የትዕዛዙ ደም ፈላ። ይሄ ዓይን አውጣ!

«ፍሬሰላም! ምን ትጠብቃለህ? እንደተነጋገርነው እጁን ያዝና አስወጣው!»

ፍሬሰላም ከሰልፉ ወጣ፤ በመልካሙ አጠገብ አልፎ መጣና የአባቱን እጅ ያዘ።