የበር ሥሩ ወንበር

ታናሹን ልዑል ታላቅ ወንድሙ ልዑል ግሌብ ያዋረደው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በፋሲካ ግብር ላይ ነበር። «አንተ የቁባት ልጅ፣ ቦታህ እዚያ ነው» ብሎ ከበር ሥር፣ ከውሻ ጠባቂዎቹ ጎን አስቀመጠው። ያቺን ቀን አንጀቱ ውስጥ ይዟት ኖረ። ዘንድሮ ከቮልጋ ወንዝ ማዶ ያለው ግዛት በውርስ ሲደርሰው ግሌብን ለፋሲካ ጠራውና ከበር ሥር እንደዚያችው ያለች ወንበር አዘጋጀለት። ፊቱ ሲጠቁር ለማየት ሆን ብሎ ዘግይቶ ገባ።

ግሌብ ከውሻ ጠባቂዎቹ መሐል ተቀምጧል። በክረምቱ የገዛ ልጁ ዙፋኑን ሲቀማው ሁለት ዓይኑንም አውጥቶታል፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለከረመ ወሬው ከግሌብ ከራሱ ቀድሞ አልደረሰም። ኮቴ ሲሰማ ፊቱን ቀና አድርጎ ፈገግ አለ።

«ወንድሜ፣ አንተ ነህ? ከማዕዱ ራስጌ አስቀመጥከኝ አይደል?»

ታናሽ ወንድሙ በገባበት በር ተመልሶ ወጣ።